ሽማግሌዎቹና የሂት ፓምፑ ሻጭ

ቤቴ የቀዘቀዘው ለልጄ ሽማግሌ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ሐሙስ ጠዋት ስነቃ አፍንጫዬ አልሰማ ብሎኛል። ወለሉ ላይ ወዳለው የሙቀት መውጫ እጄን ብዘረጋ ትንፋሽ የለውም። በናፍጣ የሚሠራው አሮጌው የቤት ማሞቂያችን፣ ፈርነሱ፣ ቀጥ ብሎ ነበር።

የጠራሁት ጠጋኝ ከቤቱ ሥር ገብቶ ወጣና ራሱን ነቀነቀ። «ውስጡ ተሰንጥቋል። ብታበሪው ጭሱ ወደ ቤት ይገባል። ይሄን የሚጠግንልሽ ሰው ብታገኚ እንኳ እንዳታሠሪው» ብሎኝ ቀይ ምልክት ለጥፎበት ሄደ።

ማን እንደሆንኩ ላስተዋውቃችሁ። ሰናይት እባላለሁ። የምኖረው ከሲያትል በስተደቡብ፣ ቡሪየን ነው። ከኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ ተሳፋሪ የሚያመላልስ ሻትል እነዳለሁ። ቤቱን የገዛነው ከባለቤቴ ከጌታሁን ጋር ነበር፤ እሱ ካረፈ በኋላ ልጃችንን ሄርሜላን ብቻዬን ለወግ አድርሻለሁ። ሰዎች «ሰናይት እኮ ወንድ ናት» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ቧንቧ ቢፈነዳ ቪዲዮ አይቼ እጠግናለሁ። ጣሪያ ቢያፈስ ሰው ሳይሰማ አሠራለሁ። የሰው እጅ ከማይ ብርዱን እመርጥ ነበር፤ ያን ሳምንት ደግሞ ብርዱ የእውነት መጣ።

ሄርሜላ ሬድመንድ ውስጥ ሶፍትዌር ትሠራለች፤ መኖሪያዋም እዚያው ነው። ልታገባው ያሰበችው ያሬድ ነርስ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ዕቃ ሳይነገረው የሚያጥብ ልጅ። ቅዳሜ ሽማግሌ እንደሚልክ ከተነገረኝ ቆይቷል። መጋረጃ ቀይሬ፣ ሶፋውን አሳጥቤ ነበር። አሁን እንግዶቼ ኮታቸውን እንደለበሱ ሊቀመጡ ነው።

ሐሙስ ማምሻውን ካይል የሚባል የሂት ፓምፕ ሻጭ መጣ። ሂት ፓምፕ ማለት ውጪ የሚቆም የኤሌክትሪክ ማሽን ነው። በክረምት ከውጪው አየር ያለችውን ሙቀት ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል፤ በበጋ ገልብጦ ያወጣታል። ብርድ ከሆነ አየር ሙቀት ይለቀማል ሲሉኝ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ካይል ጸጉሩ በሥርዓት የተበጠረ፣ ሳቂታ ልጅ ነው። ጫማው ላይ ፕላስቲክ አጥልቆ ገባ። ፈርነሱን በባትሪ አየት አደረገና ሳሎን ተቀመጠ። ክፍል አልለካም፤ ኮርኒስ አልወጣም።

«ትልቁን ማሽን እናስገባልሻለን» አለኝ። «የኤሌክትሪክ ሳጥንሽም አሮጌ ስለሆነ በአዲስ እንቀይረዋለን። ሁሉም በአንድ ዋጋ።»

ዋጋውን ታብሌቱ ላይ አሳየኝ። እኔና ጌታሁን መጀመሪያ የገዛናትን መኪና ከነእህቷ የሚገዛ ነበር።

«የመንግሥት ድጎማ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ» አልኩት።

«አለ እንጂ! እሱ ግን ከሥራው በኋላ የሚታይ ነገር ነው። አሁን ከፈረምሽ ሰኞ ይሞቅሻል። ይሄን ዋጋ ግን ከቅዳሜ በላይ ላቆይልሽ አልችልም።»

ሰኞ ይሞቅሻል! ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። ልፈርም ጣቴን ዘረጋሁ። ጣቴ ደርቆና ቀዝቅዞ ኖሮ ስክሪኑ አልቀበለኝም። ብጫነው፣ ባሸው እምቢ። በዚህ መሀል፣ ሻጭ እንደሚመጣ የነገርኳት ሄርሜላ ኮል አደረገች።

«ማም፣ እንዳትፈርሚ! ቢያንስ ሌላ ሰው ይየው። ፕሊስ።»

ካይል አልተቆጣም። «ችግር የለም፣ ቅዳሜ ወረቀቱን ይዤ ብቅ እላለሁ» ብሎ ሄደ።

ዓርብ በየዕረፍቴ ስደውል ዋልኩ። አንዱ ሳምንታት ቆዪ አለኝ፣ ሌላው አላነሳም። መጨረሻ ላይ አብራኝ የምትነዳ ሶማሊያዊት የቤቷን ሂት ፓምፕ የሠራችላትን የሊንን ስልክ ሰጠችኝ። ሊን በልጅነቷ ከቬትናም የመጣች፣ የራሷ ትንሽ ድርጅት ያላት ሴት ናት። «መምጣት የምችለው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ብቻ ነው» አለችኝ። ሽማግሌዎቹም የሚመጡት ከምሳ በኋላ ነው። ግን የሐበሻ ቀጠሮ ነው፤ እነሱ ደርሰው ጫማቸውን እስኪያወልቁ ሊን ጨርሳ ትሄዳለች ብዬ እሺ አልኳት።

ያላወቅሁት፣ የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ወርቁ ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው መሆናቸውን ነው። በደቂቃ ቀልድ አያውቁም።

ቅዳሜ ሊን መጣች። በካይልና በእሷ መካከል ያለውን ልዩነት ያየሁት ገና ስትገባ ነው። እያንዳንዱን ክፍል ለካች፣ መስኮቶቹን ቆጠረች፣ «ብዙ የምትቀመጪው የት ነው? የትኛው ክፍል ነው የሚብስብሽ?» እያለች ጠየቀችኝ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ መሰላል አቁማ ኮርኒስ ወጣች። መሰላሉ አንድ እግሩ አጠር ስለሚል እንድይዝላት ለመነችኝ። ያዝኩላት።

በሩ የተንኳኳው ይሄኔ ነው።

የከፈቱት ጋሽ ተሾመ ናቸው። የጌታሁን የልብ ጓደኛ ነበሩ፤ በእኛ በኩል ሽማግሌዎቹን ሊቀበሉ ከጠዋት ጀምሮ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ንግግር ሲለማመዱ ውለዋል። ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል፣ ግን አይነገራቸውም። ሄርሜላ ወጥ ቤት ናት። እኔ መሰላሉን ብለቅ ሊን ልትወድቅ ነው፤ ስለዚህ ከኮሪደሩ ሆኜ ግማሽ እያየሁ ግማሽ እየሰማሁ ቀረሁ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አቶ ወርቁ፣ የያሬድ አጎትና አንድ ዝምተኛ ሰው። ነጠላቸውን ደርበው፣ ተከታትለው ገብተው በሩ አጠገብ ተደረደሩ። ከኋላቸው ካይል፣ ከረባቱን አስሮ፣ ፎልደሩን ደረቱ ላይ አቅፎ ገባ። እሱም ከእነሱ ጋር ተሰለፈ።

«ተቀመጡ እንጂ፣ ኖር!» አሉ ጋሽ ተሾመ።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ወርቁ።

ካይል ሌሎቹ ሲቆሙ አይቶ፣ ሥርዓቱ መስሎት እሱም እንደቆመ ቀረ። ጋሽ ተሾመ ከላይ እስከ ታች አዩት። ፊታቸው በራ። ፈረንጅ ጨምረው ነው የመጡት! ይህን ያህል ክብር አልጠበቁም ነበር። ለእንግዳው ብለው ወደ እንግሊዝኛ ዞሩ፤ እኔ ወደ አማርኛ ልመልሰው።

«እርስዎም የመጡት ለዚሁ ጉዳይ ነው?»

«አዎን ጌታዬ!» አለ ካይል ደስ ብሎት። «ዛሬ እንጨርሳለን ብዬ ነው የመጣሁት።»

«በእኛ ባህል በአንድ ቀን አይጨረስም። እናስብበትና ሌላ ቀጠሮ እንሰጣለን።»

«ይገባኛል፣ ትልቅ ውሳኔ ነው። ግን ይሄ ዕድል የሚቆየው እስከ ዛሬ ብቻ ነው። ከዛሬ ካለፈ ለሌላ ቤተሰብ ነው የሚሄደው።»

የጋሽ ተሾመ ቅንድብ ወደ ላይ ወጣ። ወደ አቶ ወርቁ ዞረው በአማርኛ፣ «ምን ማለት ነው ይሄ? ልጁ ሌላም ቤት ሽማግሌ ልኳል?» አሉ።

አቶ ወርቁ ግራ ገብቷቸው ካይልን አዩት። «እኔስ የእናንተ ዘመድ መስሎኝ!»

ካይል ነገሩ የከረረው በዋጋ መሰለው። ጣፋጩን ድምፁን አመጣ። «እሺ፣ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። አሮጌውን ነቅለን፣ ያለ ምንም ክፍያ ይዘን እንሄዳለን።»

በእንግሊዝኛ እንዲህ ሲባል አሮጌው ይሁን አሮጊቷ አይለይም። ጋሽ ተሾመ ቀስ ብለው ወደ ኮሪደሩ፣ ወደ እኔ ዞሩ። ሰዎቹ እኔን ወደ መጣያ ሊወስዱኝ የመጡ ይመስል በሀዘን አዩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እናቲቱን? በሕይወት እያለሁ አይሞከርም!» አሉ።

ወጥ ቤት ውስጥ የሆነ ዕቃ ወደቀ። ሄርሜላ በሳቅ ተንበርክካለች። እኔ መሰላሉን እንዳቀፍኩ «ጋሽ ተሾመ! ማሞቂያ ሻጭ ነው! ማሞቂያ!» ብዬ ጮህኩ።

መጀመሪያ የሳቀው ያ ዝምተኛ ሰው ነው። ከዚያ አጎትዬው፣ ከዚያ ሁሉም። ካይል ምን እንደተሳቀ ሳያውቅ አብሮ ሳቀ። ሄርሜላ እንባዋን እየጠረገች መጥታ በእንግሊዝኛ ስታስረዳው ጆሮው እስኪቀላ አፈረ። «ወይኔ፣ የጋብቻ ጥያቄ መሀል ነው የገባሁት?» አለ።

አቶ ወርቁ ግን ሳቃቸው ቶሎ ቆመ። ሲስቁ ከአፋቸው የወጣውን እንፋሎት አይተዋል።

«ወይዘሮ ሰናይት፣ ቤቱ ማሞቂያ የለውም እንዴ?»

ቀኑን ሙሉ የፈራሁት ጥያቄ ነበር። «ትንሽ ተበላሽቶ ነው፤ ሰኞ ይሠራል» አልኩ፣ እንደ ቀላል ነገር።

«ፈርመዋል?»

«ገና ነው።»

ይሄኔ አቶ ወርቁ ያልጠበቅነውን አደረጉ። ጉዳያቸው ሳይሰማ አንቀመጥም ያሉት ሰውዬ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። «ለልጆቹ ጉዳይ እንደቆምን ነን። ለዚህኛው ግን መቀመጥ አለብኝ፤ እኔንም አንዴ አቃጥሎኛል» ብለው ጀመሩ። «እኔም ባለፈው ክረምት እንዲሁ ቸኩዬ በአንድ ከሰዓት ፈረምኩ። ማሽኑ ተተከለ፣ ሞቀን። ከዚያ ድጎማውን ልጠይቅ ብል፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት አመልክተህ ፈቃድ ማግኘት ነበረብህ አሉኝ። ከተተከለ በኋላ አይሰጥም። አንድ ፍራንክ አላገኘሁም። ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይሄንን ትተርካለች፤ አሁንማ እኔ ቀድሜ ብተርከው ይሻላል ብያለሁ።»

ከዚያ ወደ ካይል ዞረው፣ ሳይጮሁ፣ አማች እንደሚመረምር ሰው ጠየቁት። ቤቱን ለክተሃል? አልለካሁም። ኮርኒስ ወጥተሃል? አልወጣሁም። ድጎማው ባይፈቀድስ ማን ይከፍላል? ካይል ፎልደሩን አየት አደረገ። «ደንበኛው ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ልጁ ዋሾ አልነበረም፤ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ እንዲህ አድርጎ የጠየቀው ሰው ግን ያለ አይመስለኝም።

ሊን የወረደችው ይሄኔ ነው። ጸጉሯ ላይ የሸረሪት ድር አለ። መሰላሉ ላይ ቆማ ነጠላ የደረቡ ሽማግሌዎች፣ ከረባት ያሰረ ተፎካካሪዋንና እየሳቀች የምታለቅስ ልጅ ስታይ ግራ ገባት።

«ይሄ ሁሉ ሰው ለሂት ፓምፕ ነው የተሰበሰበው?»

«አሁን ለእሱ ነው» አሏት አቶ ወርቁ። «ያየሽውን ንገሪን።»

ሊን ጓንቷን አውልቃ ነገረችን። ከሄርሜላ አሮጌ ክፍል በላይ፣ ኮርኒሱ ላይ ሙቀት የሚይዘው መከላከያ ተበልቶ አልቋል፤ መስኮት ከፍቶ እንደማደር ነው። እሱ ቢሞላ ትልቁ ማሽን አያስፈልገኝም፣ አነስ ያለው ይበቃኛል። የኤሌክትሪክ ሳጥኔም አሮጌ ይምሰል እንጂ አነስተኛውን ማሽን ይችላል፤ መቀየር የለበትም። ግቢዬ ውስጥ የተቀበረው የናፍጣ ታንክ ግን ፈቃድ ባለው ሰው ተመጥጦ መዘጋት አለበት፤ ብዙዎች ይሄን ዋጋ ውስጥ ሳያስገቡ ቀርተው በኋላ ይደነግጣሉ።

«ድጎማውስ?» አልኳት።

«በቤተሰብሽ ገቢ የሚወሰን ነው። እንዳልሽኝ ከሆነ የሚደርስሽ ይመስለኛል፤ ቃል ግን አልገባልሽም፤ የሚፈቅዱት እነሱ ናቸው። ማመልከቻውን እንሞላለን፣ እስኪፈቀድ እንጠብቃለን። ከዚያ በፊት አንድ ቡሎን አልነካም። ሳምንታት ይወስዳል።» ጓንቷን ኪሷ ከተተችና፣ «ሰኞ ላሞቅሽ አልችልም። ይቅርታ» አለችኝ። «ከፈለግሽ ሌላም ሰው ጋ ዋጋ ጠይቂ። የሠራሁላቸውን ሰዎች ስልክም ልስጥሽ።»

አቶ ወርቁ «አሁኑኑ እንደውል» አሉ። ሊን እንዲህ ያለውን ጥያቄ የለመደች ትመስላለች፤ አንድ ቁጥር ሰጠቻቸው። ስፒከር ላይ ያነሱት አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ናቸው። ማሽኑ ይሠራል ወይ ሲባሉ ስለ ውሻቸው ጀመሩ፤ በፊት አልጋቸው ላይ የሚተኛው ውሻ አሁን ሳሎን ብቻውን ያድራል፣ ቅር ብሏቸዋል። «አንዴ ድምፅ አምጥቶ ነበር፤ ሊን በነጋታው መጥታ አስተካከለችው» አሉ። አቶ ወርቁ በጥሞና አመስግነው ዘጉ። «ሲበላሽ የሚመጣ ሰው። ይሄ ነው የሚፈለገው» አሉ።

ከዚያ ሁሉም እኔን አዩኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ልቤ ሰኞን ነበር የሚፈልገው። ዋጋው ቢከብደኝም ሰኞ ከሞቀ ማንም ስለ ቤቴ ብርድ አያወራም። ከጠበቅሁ ግን ሳምንታት ሙሉ ሰናይት በብርድ ቤት እንደተቀመጠች ቡሪየን ሁሉ ሊያውቅ ነው።

የያሬድ አጎት ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ኦበርን ባለው ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ሁለት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለኝ። ማንም አይጠቀምባቸውም።»

«እኔም አንድ አለኝ» አለ ዝምተኛው። ያን ቀን ከአፉ የሰማሁት የመጀመሪያው ቃል ነበር።

«እኛ ቤት መኝታ ክፍል ባዶውን ነው ያለው» አሉ ጋሽ ተሾመ። «ዛሬውኑ ነይ።»

«አያስፈልግም፣ እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ለዓመታት ስለው ስለኖርኩ ራሱ ነው የሚመጣው። ሄርሜላ ታውቀዋለች። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ሁለት እጇን አጋጥማ፣

«ማም፣ ፕሊስ! ጀስት ሴይ የስ!» አለች።

ጋሽ ተሾመ የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ሰሙ። ብድግ አሉ። «ልጅቷ እሺ ብላለች!»

ቤቱ እንደገና በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን በዚያ ሳቅ መሀል ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ። አንዳቸውም አላዘኑልኝም። ኮታቸውን እንደለበሱ፣ አፍንጫቸው ቀልቶ፣ ደስ ብሏቸው መልሴን ይጠብቃሉ።

«እሺ» አልኩ።

«ለየትኛው?» አሉ አቶ ወርቁ።

«ለሁሉም።»

ጋሽ ተሾመ የተለማመዱት ንግግር፣ ሊሰጡት ያሰቡት ቀጠሮ ሁሉ ቀረ። ሄርሜላ እልል አለች፤ ለራሷ ጋብቻ ራሷ እልል ስትል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሊን ሥራውን ያገኘች መስሏት አጨበጨበች፤ እውነትም አግኝታ ነበር። ምግቡ ቀረበ፣ ካይልም አልሄደም። በልቶ ሲጨርስ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እናቴ ብትሆኚ እኔም ጠብቂ ነበር የምልሽ» አለኝና ጋሽ ተሾመን በሁለት እጁ ጨብጦ ወጣ።

ያን ዕለት ማምሻውን ያሬድ ማሞቂያዎቹን በመኪና ይዞ መጣ። ሁሉንም በአንድ ማራዘሚያ ገመድ እንዳልሰካቸው አስጠንቅቆ፣ እያንዳንዱን በየግድግዳው ሰክቶ ሄደ። ሊን እንዳለችው ሌላም ሰው ጋ ዋጋ ጠየቅሁ፤ ጎን ለጎን ሳያቸው የሊን ሁሉን ነገር ዘርዝሯል፣ የታንኩን መዝጊያ ጭምር። ማመልከቻውን ሞላን። ብርዱ አላማረረኝም አልልም። ግን በእነዚያ ሳምንታት ቤቴ እንደዚያ ሰው ገብቶበት አያውቅም። አንዱ ማሞቂያ ሊያይ ይመጣል፣ ሌላዋ ሾርባ ይዛ ትመጣለች፣ ሳይታሰብ ስንስቅ እናመሻለን። ድጎማው ተፈቀደ። ከዋጋው አብዛኛውን ሸፈነው፤ የቀረው አቅሜ የሚችለው ነበር።

ሊን ማሽኑን ያበራችው አንድ ዝናባማ ጠዋት ነው። ድምፅ ስላልነበረው አልሠራም ብዬ ወጥቼ አየሁት፤ ይሽከረከራል። ተመልሼ ስገባ ወለሉ ለብ ብሏል። ካልሲዬን አውልቄ ከክፍል ወደ ክፍል ዞርኩ። በበጋ ደግሞ የሰደድ እሳት ጭስ ሰማዩን ሲሸፍነው መስኮቴን ዘግቼ፣ በዚያው ማሽን ቀዝቅዤ ተቀመጥኩ። የሄርሜላና የያሬድ ሠርግ በዚያው በጋ ሆነ።

አንባቢዎቼ፣ ስለ ሂት ፓምፕ ከጠየቃችሁኝ የማውቀው ይሄን ነው። ቤታችሁን ሳይለካ ዋጋ ለሚነግራችሁ ሰው ለመፈረም አትቸኩሉ። ድጎማ ካለ ሥራው ሳይጀመር አመልክቱ፤ ደንቡ ስለሚለዋወጥ የዘንድሮውን ራሳችሁ ጠይቁ። ሲበላሽ ማን እንደሚመጣ ከጎረቤት አጣሩ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን «ዛሬ ብቻ» ሲሏችሁ ብቻችሁን አትሁኑ። እኔ ያን ቅዳሜ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ፈርሜ ነበር። ፈርሜ፣ ሞቆኝ፣ ማንም ሳያውቅልኝ፣ እዳውን ብቻዬን ስከፍል እኖር ነበር። ጠንካራነት ማለት እሱ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ሰዎች ይደውሉልኛል። ሻጭ ሲመጣባቸው አብሬያቸው እቀመጣለሁ፣ እጠይቃለሁ፤ እንግሊዝኛው ሲከብዳቸው አስረዳለሁ። በቀደም አንዲት ገና በዲቪ የመጣች ወጣት እናት ደወለችልኝ። የማታውቀኝ ስለሆነች ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ፈርነሷ ተበላሽቷል፣ ነገ ሰው ይመጣባታል፣ ምን እንደምትለው አታውቅም።

«እትዬ ሰናይት፣ ይቅርታ፣ ላስቸግርዎት ነው» አለችኝ።

«አስቸግሪኝ እንጂ የኔ ልጅ» አልኳት፣ ኮቴን እየለበስኩ። «ቤትሽ የት ነው?»